ጣቴን ይነዝረኛል፣ «ኃይል እየገባ ነው» ይሉኛል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፣ ዕድሜዬ 31 ነው። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ማታ ማታ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። አንዷ ጓደኛዬ «የዮጋ አተነፋፈስ ሞክሪ» ብላ ቪዲዮ ላከችልኝ። ቪዲዮው ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው አፍንጫን በየተራ እየደፈኑ መተንፈስ ነው፣ ናዲ ሾዳና ይሉታል። ሁለተኛው ሆድን ወደ ውስጥ እየመቱ አየሩን በአፍንጫ ቶሎ ቶሎ ማስወጣት ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ እናቴ ቡና ስታፈላ፣ እዚያው ክፍል ቁጭ ብዬ ሁለቱንም እሠራለሁ።

ፈጣኑን ስሠራ ራሴን ያዞረኛል። ጣቶቼንና ከንፈሬን ይነዝረኛል። አሠልጣኙ ግን «ኃይል እየገባ ነው፣ አታቁሙ» ይላል። ናዲ ሾዳናውም አልሆነልኝም፣ ምክንያቱም አንዱ አፍንጫዬ ሁልጊዜ ድፍን ነው። በአራት እስባለሁ፣ እስከ 16 እይዛለሁ፣ በስምንት አስወጣለሁ። መያዙ ላይ ልፈነዳ እደርሳለሁ። በዚህ ላይ እናቴ «የባዕድ አምልኮ ነው፣ ተይው» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ምን ይሻለኛል?

መምህርቷ፣ ከአዘዞ

መልስ፦

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ዮጋው ላይ አይደለም፣ ቡናው ላይ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ፈጣኑን ከዛሬ ጀምሮ ተይው። ለአሁኑ ያንቺ አይደለም።

መነዘሩ ኃይል አይደለም። ቁጭ ብለሽ፣ ሰውነትሽ ሥራ ሳይሠራ፣ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚመረተው በላይ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ጋዝ እንደ ቆሻሻ ብቻ ነው የሚያየው። ደም ውስጥ ግን በልኩ መኖር አለበት። ከልኩ ሲወርድ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ያዞራል። የደሙ አሲድነትም ይቀንስና ነርቮች ይቆጣሉ። ያኔ ከንፈር ይነዝራል፣ ጣት ይነዝራል፣ ሲብስም እጅ ይኮማተራል።

ነርስ ሆኜ ድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ስንቴ እንዳየሁት! መርዶ ሰምታ ስታለቅስ የዋለች ሴት እጇ ተኮማትሮ ትመጣለች። ቤተሰቡ «ሽባ ሆነችብን» ብሎ ይጮኻል። እኛ ሌላ በሽታ አለመኖሩን እናረጋግጣለን፣ አጠገቧ ቁጭ ብለን በቀስታ እናናግራታለን፣ ትንፋሿ ሲረጋ እጇ ይፈታል። ያኔ «ኃይል ገባት» ያለ ሰው አላየሁም። ስልክ ላይ ሲሆን ግን ስሙ ተለወጠ።

በዮጋው ዓለምም ቢሆን ፈጣኑ ለጀማሪ የሚሰጥ አይደለም። ካፓላባቲ ይሉታል። ጠንቅቆ የሚያውቅ አስተማሪ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ሆድሽን፣ ትከሻሽን፣ ፊትሽን እያየ ነው የሚያስተምርሽ። ያዞረውን ሰው «አቁም» ይለዋል እንጂ «ቀጥል» አይለውም። ደግሞ አስቢው፣ ያንቺ ችግር ማታ ልብ መምታትና እንቅልፍ ማጣት ነው። የሚቀሰቅስ ነገር ለምን ትጨምሪበታለሽ?

አሁን ወደ ቡናው። ከሰል የተያያዘበት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለሽ በጥልቀት መተንፈስ ጨርሶ አይሆንም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክስጅን ቀድሞ ሄሞግሎቢንን፣ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ክፍል፣ ይይዝና አልለቅም ይላል። የመጀመሪያ ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ናቸው። ስለዚህ ያንቺ ማዞር ግማሹ ከፈጣኑ ትንፋሽ፣ ግማሹ ከከሰሉ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሆኜ ልለየው አልችልም። ክረምት በመጣ ቁጥር ብርድ ሸሽቶ ከሰል አስገብቶ፣ በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ቀረ ሲባል የምንሰማው በዚሁ ጋዝ ነው። እናትሽንም ንገሪያቸው፣ ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ ይግባ፣ ከገባም በኋላ በርና መስኮት ክፍት ይሁን። ፍም ሲሆን ጭሱ ይቀንሳል እንጂ ጋዙ አይጠፋም፣ ስለዚህ በሩን «ጭሱ አልቋል» ብላችሁ እንዳትዘጉት። ዕጣኑም ቢሆን አፍንጫ ይቆጣል። አንቺ ሌላ ክፍል ሂጂ፣ ወይም በረንዳ ላይ ቁጭ በይ። አዘዞ መንገድ ዳር ከሆነ ቤትሽ፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው ሳይነሳ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ አየሩ ይሻላል። ስትጨርሺ ቡናሽን ሄደሽ ጠጪ፣ እሱን አልከለክልሽም። አቦል ብቻ ይብቃሽ ግን፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው ሦስት ስኒ ብዙ ነው። ከሰዓት በኋላማ ጨርሶ ባይቀመስ።

አፍንጫሽ አንድ ወገን መደፈኑ አያስደንግጥሽ። ጤነኛ አፍንጫም በየተራ ነው የሚሠራው። ውስጡ ያለው ሥጋ በአንድ ወገን በደም ሞልቶ ያብጣል፣ በሌላው ይሟሽሻል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይቀያየራሉ። ካይዘር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ጽፎበታል፣ ስለዚህ አዲስ ግኝት አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ሁኔታ ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል፣ ልብ አይለውም። አፍንጫውን በጣቱ ደፍኖ ሲሞክር ነው «ውይ፣ ይሄኛው አይሠራም» የሚለው። በጎንሽ ስትተኚም ከታች ያለው ወገን ይደፈናል፣ ከላይ ያለው ይከፈታል። ማታ ሞክሪው።

ሁልጊዜ፣ ጠዋትም ማታም፣ ያው አንድ ወገን ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአፍንጫሽ መሀል ግድግዳ ተጣሞ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አለርጂ ነው፣ ወይም ውስጡ የበቀለ ነገር አለ። የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። የበጋ አቧራ ብቻ ከሆነ የጨው ውሃ ይረዳል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ በለጥ ያለ ጨው አሟሚ፣ አንገትሽን አዘንብለሽ አፍንጫሽን እጠቢበት። የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይሁን፣ መፍላት አለበት። ጉንፋን በያዘሽ ቀን ደግሞ የአፍንጫውን ልምምድ ዝለዪው። የተደፈነን አፍንጫ በግድ መሳብ ትርፉ ራስ ምታት ነው።

ናዲ ሾዳናን እኔ የተማርኩት ጎንደር ነው። ዱሮ አብሮን ይሠራ የነበረ ህንዳዊ መምህር ነው ያሳየን። ትዕግሥቱን አልረሳም። ለረጅም ጊዜ ጣት ወደ አፍንጫ እንድናነሳ እንኳ አልፈቀደልንም። «መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ» ነበር የሚለን። አሰልቺ ነበር፣ አልዋሽሽም። አሁን ለሰፈሬ ሴቶች ሳስተምር እኔም ያንኑ አደርጋለሁ፣ እነሱም በእኔ ይሰለቻሉ።

እንግዲህ እንዲህ ጀምሪ። የመጀመሪያውን ሳምንት በጣት አትጀምሪ። በርጩማ ወይም ወንበር ላይ ቁጭ በይ፣ እግርሽ መሬት ይርገጥ፣ ጀርባሽ ቀና ይበል ግን አይገተር። ቪዲዮው ላይ እንዳለው ሰውዬ እግርሽን ማጠላለፍ የለብሽም። ጉልበት የሚያሳምም አቀማመጥ ላይ ሆኖ ትንፋሽ አይረጋም። አንድ እጅሽን እምብርትሽ ላይ አድርጊ። ስትስቢ እጅሽ ወደ ውጭ ይገፋ፣ ስታስወጪ ይመለስ። ደረትሽና ትከሻሽ ወደ ላይ እየወጡ ከሆነ በደረትሽ ብቻ እየተነፈስሽ ነው። ከሳንባ በታች ያለው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ነው ሆድ የሚገፋው። እኛ ሴቶች መቀነት አጥብቀን፣ ሆድ ውጠን መሄድ ስለለመድን ይህ ያስቸግረናል። መቀነትሽን ፍቺው፣ ጠባብ ሱሪም አይሁን። ትንፋሽሽ የሚሰማ ድምፅ ካለው ቀንሺው። አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው እንኳ መስማት የለበትም።

ይህ ሲለምድሽ ወደ ጣቱ ሂጂ። በቀኝ እጅሽ ሌባ ጣትሽንና የመሀል ጣትሽን ወደ መዳፍሽ እጠፊ። አውራ ጣትሽ ለቀኝ አፍንጫ ነው፣ የቀለበት ጣትሽ ለግራ። ግራ እጅሽ ጭንሽ ላይ ይረፍ። መጀመሪያ ያለውን አየር በሁለቱም አስወጪ። ከዚያ ቀኙን በአውራ ጣትሽ ዝጊና በግራ ሳቢ። ግራውን ዝጊ፣ ቀኙን ልቀቂ፣ በቀኝ አስወጪ። እዚያው በቀኝ ሳቢ። ቀኙን ዝጊ፣ ግራውን ልቀቂ፣ በግራ አስወጪ። አንድ ዙር አለቀ። በግራ ተጀምሮ በግራ ነው የሚያልቀው። የቱ ጋ እንደደረስሽ ከጠፋሽ፣ የምትቀይሪው ሁልጊዜ ከሳብሽ በኋላ ነው፣ ካስወጣሽ በኋላ አይደለም። ይህቺን ያዢያት፣ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ጣትሽ አጥንቱን አይጫን። ለስላሳውን ጎን ነካ ማድረግ ይበቃል። ብዙ ጀማሪ አፍንጫውን እስኪቀላ ይቆነጥጣል፣ አንገቱም ወደ እጁ ይጣመማል። ክንድሽ ከደከመሽ ክርንሽን በሌላ እጅሽ ደግፊው።

ቆጠራውን ደግሞ እንዲህ አድርጊ። በሦስት ሳቢ፣ በአራት አስወጪ። መያዝ የለም። አምስት ዙር ሠርተሽ ተነሺ። ቀለል እያለሽ ሲሄድ በአራት መሳብ፣ በስድስት ማስወጣት ላይ ትደርሻለሽ። እንደ ሰዓት ሰከንድ ከቆጠርሽ ይህ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ነው። አዋቂ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከ12 እስከ 20 ነው የሚተነፍሰው፣ ስለዚህ ስድስት በጣም ቀርፋፋ ነው። አትቸኩይ። ከመሳቢያው ይልቅ ማስወጫው ላይ ነው ሥራው። ስታስወጪ ልብ ቀስ ይላል፣ ስትስቢ ፈጠን ይላል፣ ይህ የማንም ጤነኛ ሰው ልብ ጠባይ ነው። ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው የሚያዘገየው። ማስወጫውን ማርዘም ለዚያ ነርቭ ጊዜ መስጠት ነው። እናትሽ አተላው እንዳይከተል ጀበናውን ቀስ አድርገው እንደሚያዘነብሉት፣ አየሩን እንዲያ ልቀቂው። ከመጨረሻው ጠብታ ጋር አትታገይ።

ያ በአራት ስቦ፣ እስከ 16 ይዞ፣ በስምንት ማስወጣት የሚባለው እውነተኛ የዮጋ ልክ ነው፣ ሰውዬው ከኪሱ አላመጣውም። ግን ብዙ ዓመት ለሠሩ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በሳንስክሪት የተጻፈ አንድ ዋና የሀታ ዮጋ መመሪያ ትንፋሽን የሚገራ ሰው አንበሳን፣ ዝሆንንና ነብርን እንደሚገራ ቀስ በቀስ ይግራው፣ አለዚያ ገሪውን ራሱን ይገድለዋል ይላል። ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለውን የአንበሳ ቤት ያየ ጎንደሬ ይህን ለመረዳት አይከብደውም። ከዚያም በፊት የነበረው፣ ፓታንጃሊ የሚባለው የጥንት የዮጋ ሊቅ ሥርዓት ስምንት ደረጃ ነው ያለው፣ ትንፋሹ አራተኛው ላይ ነው የሚመጣው፣ ከአቀማመጥ በኋላ። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ ይህ ሁሉ ለምን እንደማይነገር ይገባኛል፣ ሰው ይዘለዋላ።

ልትፈነዳ እስክትደርሺ መያዝ ደግሞ ላንቺ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። አየር አጣሁ ብሎ የደነገጠ አካል አይረጋጋም፣ ልብሽን ይበልጥ ይመታዋል። ልምምዱን ስትጨርሺ ከጀመርሽበት ይልቅ ካለከለክሽ፣ ልክ አልፈሻል። በሚቀጥለው ቀን ቀንሺ።

የእናትሽ ነገር ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ ልሸፋፍነውም አልፈልግም። ዮጋ ከህንድ እምነት ውስጥ የወጣ ነው። ናዲ ሾዳና «ፕራና» የሚሉት ሕይወት ሰጪ ኃይል የሚሄድባቸውን መስመሮች ማጽጃ ተደርጎ ነው የተቀመረው፣ በጥንቱ ሥርዓት ቆጠራውም በማንትራ፣ እየተደጋገመ በሚባል ቅዱስ ቃል፣ ነበር። «ስፖርት ብቻ ነው፣ ሃይማኖት የለበትም» የሚሉሽ ታሪኩን እየቆረጡ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በዝግታ መተንፈስ የማንም ንብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያን ውስጥ ተመራማሪዎች ሰዎችን የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የዮጋ ማንትራ አስደግመው ትንፋሻቸውንና የልብ ምታቸውን ለኩ። ሁለቱም ትንፋሹን በደቂቃ ወደ ስድስት አወረዱት፣ የልቡም ምት አብሮ ተስተካከለ። የኛዎቹንስ የለካቸው ቢኖር! ጎንደር የአቋቋም አገር ናት፣ ሊቃውንቱ በአንድ ትንፋሽ ያን ረጅም ዜማ ሲያወርዱ የሰማ ሰው ማስወጫ ማርዘም ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል።

እኔ በቁጥር ብቻ ነው የማስተምረው። ማንትራ የለም፣ ምስል የለም፣ ሰላምታም የለም። ያም ሆኖ ልብሽ ካልተቀበለው የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ስትጠይቂ «ዮጋ ልሥራ ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ፣ ቃሉ ብቻ ያስደነግጣል። የምታደርጊውን በዝርዝር ንገሪያቸው፣ አፍንጫዬን በጣቴ ይዤ፣ በአራት ስቤ፣ በስድስት አስወጣለሁ በያቸው። አይሆንም ካሉሽ የመጀመሪያውን ሳምንት ልምምድ፣ እጅ ሆድ ላይ አድርጎ በቀስታ መተንፈሱን፣ ያዢ። እሱን ሆስፒታልም ለታማሚ እናሳያለን። እናትሽንም አትጣያቸው፣ አንድ ቀን አጠገብሽ አስቀምጠሽ አሳዪያቸው።

የመጨረሻው፣ ይህ ትንፋሽ ጭንቀትሽን ያለዝብልሻል እንጂ ምክንያቱን አያነሳልሽም። በዚህ ጊዜ ልቡ የማይመታ ሰው ማን አለ፣ አውቃለሁ። ግን እንቅልፍ ማጣቱ ከሳምንታት በላይ ከቀጠለ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ሥራሽን ካስተጓጎለ፣ ወይም ልብሽ ቁጭ ባልሽበት እየዘለለ ከመታ ታዪ። የደም ማነስም፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መብዛትም ልብ ያስመታል፣ በደም ምርመራ ይታወቃል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለው። እዚያ መሄድ ነውር የሚመስላት አስተማሪ ተማሪዎቿን ምን ልታስተምር ነው?

ጥያቄ፦

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጡረተኛ ነኝ፣ 64 ዓመቴ ነው። ከብዙ ዓመት ጀምሮ የደም ግፊት ኪኒን እወስዳለሁ። ባለፈው ዓመት የቡአ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ፒያሳ ቡና አብረን የምንጠጣ ወዳጄ ሆድን እየመቱ መተንፈስ ቦርጭ ያጠፋል፣ ኪኒንም ያስጥላል ብሎ ጠዋት ጠዋት ያሠራኛል። ልቀጥል?

ከአራዳ

መልስ፦

አይቀጥሉ ጋሼ። እርስዎ የዘረዘሩልኝ ሁለቱም፣ ግፊቱም ቡአውም፣ ካፓላባቲ ከሚከለከልባቸው ውስጥ ናቸው። ሆድ በተመታ ቁጥር በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ የተሰፋውን ቦታ ይገፋዋል። የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታና የዓይን ግፊት ያለበት፣ እርጉዝም ብትሆን፣ ይህን መተው አለባቸው። ቦርጭም በትንፋሽ አይጠፋም። ወዳጅዎ ቅር እንዳይላቸው ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ አብረው በእግር ቢሄዱ ለሁለታችሁም ይሻላል።

ቀስ ያለውን መሥራት ይችላሉ። አፍንጫ መያዝም አያስፈልግም፣ ቁጭ ብለው በአራት መሳብ፣ በስድስት ማስወጣት ብቻ። ትንፋሽ አይያዙ። ግፊትን ጥቂት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፣ ኪኒን ግን አይተካም። ኪኒኑን በራስዎ ፈቃድ ካቆሙ ግፊቱ ምንም ሳያሳምምዎ ይወጣል፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ለውጥ መኖሩን ማወቅ ከፈለጉ በትክክል ያስለኩ። ከመለካትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ አምስት ደቂቃ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው ይቀመጡ፣ እግርዎን አያጠላልፉ፣ ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትክክል ይሁን፣ ሲለኩ አያውሩ። ቁጥሩን በወረቀት ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ፣ ኪኒን መቀነስ ካለበት እሱ ይቀንሰው። ሚጥሚጣውና ሽሮው ላይ ያለውን ጨውም ለባለቤትዎ ይንገሩ፣ ከትንፋሹ በላይ እሱ ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦

ተማሪ ነኝ፣ ከመተማ ነው የመጣሁት። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ እንገባለን። ከጓደኞቼ ጋር ከውሃ በታች ማን ይቆያል እያልን እንወራረዳለን። የዮጋ ፈጣን ትንፋሽ ሠርቼ ስገባ በጣም እቆያለሁ። ከዚህ በላይ ለመቆየት ምን ልጨምር?

ከማራኪ

መልስ፦

ምንም አትጨምር። ያለውንም ተው፣ ያውም ዛሬ።

የምትቆየው ኦክስጅን ስላከማቸህ አይደለም። ደምህ ዝም ብለህ ስትተነፍስም ኦክስጅኑን ይዞ ሞልቷል ማለት ይቻላል፣ በፍጥነት መተንፈስ ብዙ አይጨምርበትም። የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ነው። «ውጣ፣ ተንፍስ» ብሎ የሚያስጨንቅህ ደግሞ የእሱ መከማቸት ነው፣ የኦክስጅን ማነስ አይደለም። ማንቂያውን አጠፋኸው ማለት ነው። ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ጭንቀት ሳይሰማህ ራስህን ትስታለህ። ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ይተነፍሳል፣ ውሃውን። ጎበዝ ዋናተኞች በንጹሕ መዋኛ፣ ጠባቂ ባለበት ሞተውበታል። አንተ ያለኸው በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ነው፣ ዙሪያህን መቶ ሰው እየዘለለ። ከሥር የቀረን ሰው ማን ያየዋል?

ሌላም አለ። መተማ ከባህር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፣ ጎንደር ከ2,100 ይበልጣል። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። ስትመጣ ደረጃ ሲያደክምህ የነበረው ለዚህ ነው።

ጥር 11 ጸበሉ ከተባረከ በኋላ እንደማንም ዝለል፣ ተጠመቅ፣ ውጣ። ከመዝለልህ በፊት ግን ቶሎ ቶሎ አትተንፍስ፣ ከውሃ በታችም አትወራረድ። ውርርዱን ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ይህን መልስ ግን ለሁሉም አንብብላቸው።